ሁለት ቆርቆሮ ቀለም፣ ሁለት ሩሎ፣ 10 ደቂቃ፦ የኦታዋው «የእሳት ድምፅ» ጉዳይ

አጎቴ የቤት ቀለም ቀቢ ነው። አዲስ አበባ እያለም ስራው ይሄው ነበር፣ ኦታዋ ከመጣ በኋላም ሌላ ስራ አልሞከረም፣ በቃ ዕድሜውን ሙሉ ሩሎና ፔኔሎ ይዞ የኖረ ሰው ነው። አንድ በረዶ የበዛበት ቅዳሜ ቤት መዋል ሰልችቶት «እስኪ የሆነ ቦታ ውሰደኝ» ሲለኝ ሳሴክስ ድራይቭ ላይ ያለው ናሽናል ጋለሪ ይዤው ሄድኩ፣ ያ ደጁ ላይ ትልቁ የነሐስ ሸረሪት የቆመበት ማለቴ ነው። ብዙ ዞርን፣ ሐይቁና ጫካው የተሳለባቸው ሥዕሎች ጋ ደስ ብሎት ነበር፣ ከዛ ጣሪያው በጣም ከፍ ያለ ክፍል ውስጥ ገባንና ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ያለው ሥዕል ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ነው። ሌላ ምንም የለውም። «ይሄ ነው ያ በሚሊዮን የተገዛው?» አለኝ። ለካ አብረውት የሚሰሩት ሰዎች ወሬውን ነግረውታል።

አዎ ጋሼ ያ ነው አልኩት።

ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ልጀምር። ሥዕሉ «የእሳት ድምፅ» ይባላል፣ ሠዓሊው ባርኔት ኒውማን ነው፣ የኒውዮርክ ሰው፣ በ1905 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ ፍልስፍና የተማረ፣ በአባቱ የልብስ ፋብሪካ ውስጥም የሰራ። ዘግይቶ ነው መንገዱን ያገኘው። በ1948 በልደቱ ቀን አንድ ጥቁር ቀይ ሸራ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ቴፕ ለጥፎ በቴፑ ላይ ደማቅ ቀይ ቀባና ቆመ፣ ከዛ ምን እንደሰራ ለመረዳት ወራት ሙሉ ሥዕሉን እያየ ሌላ ሳይነካ ተቀመጠ። 43 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ቀጥ ያለች መስመርንና ሰፊ ቀለምን አልለቀቀም። በ1950 እና በ1951 ለብቻው ኤግዚቢሽን ሲያሳይ አብዛኛው ተመልካች፣ ሠዓሊ ጓደኞቹም ጭምር፣ ፊታቸውን አዞሩበት።

«የእሳት ድምፅ» የተሳለው በ1967 ለሞንትሪያሉ የዓለም ኤክስፖ ነው። አሜሪካ እዛ የሰራችው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ያ ባክሚንስተር ፉለር የነደፈው ግዙፍ ክብ ጉልላት ነበር፣ ቁመቱ 20 ፎቅ ያክላል፣ ውስጡ የአፖሎ የጠፈር መንኮራኩር ከነፓራሹቱ ተሰቅሎ ይታይ ነበር፣ እና እዛ ሥዕል እንዲያሳዩ የተመረጡት ሠዓሊዎች በዚህ ሁሉ መሃል የማይጠፋ ረዥም ሥዕል እንዲሰሩ ተጠየቁ። ኒውማን የሰራው 5.4 ሜትር ቁመት፣ 2.4 ሜትር ወርድ ነው። እኩል የሆኑ ሦስት ቋሚ ሰንበሮች፣ በአክሪሊክ ቀለም። ያን ጊዜ ካናዳ ውስጥ ነው የተሰቀለው፣ ኤክስፖውን 50 ሚሊዮን ጊዜ ሰው ጎበኘው፣ ማንም ስለዚህ ሥዕል አልጮኸም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኒውማን በ1970 ሞተ። ናሽናል ጋለሪ በ1988 አሁን ያለበትን አዲሱን ሕንፃ ከፈተ፣ ሥዕሉም መጀመሪያ በውሰት መጥቶ እዛ ተሰቀለ። ያኔም ጸጥታ ነው፣ ሰው ያያል ያልፋል። ከዛ ጋለሪው ከሠዓሊው ሚስት ገዛውና በመጋቢት 1990 ዋጋው ይፋ ሆነ፣ 1.76 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር፣ ጋዜጦቹ 1.8 እያሉ ነው የጻፉት። ለዓመቱ ሥዕል መግዣ ከተያዘው በጀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአንድ ሸራ ወጣ ማለት ነው።

ከዛ አገር ተንቀጠቀጠ ማለት ይቻላል። ሬዲዮ፣ ጋዜጣ፣ ካርቱን፣ ባለሦስት ሰንበር ቲሸርት፣ ፓርላማ። ፊሊክስ ሆልትማን የሚባል ከማኒቶባ የተመረጠ የፓርላማ አባል፣ የአሳማ እርባታ ያለው ገበሬ፣ እና በዛ ሰዓት የፓርላማው የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረ ሰው፣ ይሄ እኮ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም፣ ሁለት ሩሎና 10 ደቂቃ ቢኖር የሚያልቅ ነገር ነው ዓይነት ንግግር ተናገረ፣ ንግግሩም ከሥዕሉ እኩል ታዋቂ ሆነ። እዚሁ ኦታዋ አጠገብ ያለ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ፕላይዉድ ገዝቶ ተመሳሳዩን ቀባና «የግብር ከፋዩ ድምፅ» ብሎ ለሽያጭ አቆመው።

አብዛኛው ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ ወይ ሆልትማንን መሃይም ያደርገዋል ወይ ጋለሪውን ሌባ ያደርገዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የሰውየው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ እሱም የሕዝብ ተወካይ ነው፣ ያ ዓመት ደግሞ ኢኮኖሚው እየወረደ የነበረበት፣ ጂኤስቲ የሚሉት አዲስ የሽያጭ ታክስ ሊመጣ ሰው የሚያጉረመርምበት፣ የኩቤክ የሕገ መንግሥት ስምምነት ሊፈርስ አገሩ የተጨነቀበት ዓመት ነው፣ እና ኑሮ የከበደው ሰው ለምንድነው ብሎ ቢጠይቅ ምን ያጠፋል? ሌላም ቅሬታ ነበረ፣ ለኔ እንደውም ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው፣ የካናዳ ሠዓሊዎች ስራቸውን የሚገዛ አጥተው በካናዳ ገንዘብ የአሜሪካዊ ሥዕል ይገዛል ወይ የሚለው። ይሄ ስለ አብስትራክት (የሰው፣ የዛፍ፣ የሚታወቅ ነገር ቅርጽ የሌለው ሥዕል) ጥላቻ አይደለም፣ አብስትራክት የሚስሉ ካናዳውያንም አሉበት።

ጋለሪው ምን መለሰ? ኃላፊዋ ሸርሊ ቶምሰንና ሥዕሉን የመረጠው ኩሬተር ብራይደን ስሚዝ ወጥተው ተከራከሩ፣ ግዢውም አልተሰረዘም፣ መንግሥት የሥዕል ምርጫ ውስጥ እጁን ማስገባት የለበትም የሚለው መርህ ጸና፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን መልሱ በባለሙያ ቋንቋ ነበር የመጣው። ልዕልና፣ መንፈሳዊነት፣ የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ፣ ምናምን። ማኒቶባ ያለ ገበሬ ለምን 10 ደቂቃ እንደማይበቃ ማንም በሚገባው ቋንቋ አልነገረውም። ይሄን ስል ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም፣ ግን ስራቸው እሱ ነበር፣ ደሞዝ የሚበሉትም ለሱ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ፣ ምክንያቱም በኔ ግምት ያን መልስ ሳያውቅ የሰጠው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዛ ሙያው አልለቅ አለውና ጠርዙን ማየት ጀመረ። «10 ደቂቃ ያለው ሰውዬ ግድግዳ ቀብቶ አያውቅም» አለኝ። አምስት ሜትር ተኩል ቁመት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማውረድ በራሱ ቀላል እንዳልሆነ፣ ቀለም ቴፕ ስር ከገባ ጠርዙ እንደሚበላሽ፣ ቀይ የሚባል ቀለም ደግሞ አንድ እጅ ብቻ ከተቀባ ስሩን እያሳየ የሚያዋርድ ቀለም እንደሆነ፣ እያንዳንዱ እጅ እስኪደርቅ መጠበቅ እንዳለ፣ ይሄን ሁሉ እየቆጠረ ነገረኝ። «ግን ጋሼ፣ ይሄ ሥዕል ያደርገዋል እንዴ? እርስዎም እኮ ይችሉበታል» አልኩት። «እችልበታለሁ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «ግን አልቀባውም ነበር፣ ደንበኛ ቢለምነኝም እምቢ ነው የምለው፣ እንዲህ ዓይነት ቀይና ሰማያዊ ካጎራበትካቸው ዓይን ያምሳሉ» አለኝ።

እኔ እዚች ጋ ነው የነቃሁት። ዓይን የሚያምሰው ነገር ነዋ ሥዕሉ! ኒውማን በ1951 ኤግዚቢሽኑ ላይ ግድግዳ ላይ ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር፣ ሰው ትልልቅ ሥዕል ሲያይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እነዚህ ግን ከቅርብ እንዲታዩ የተሰሩ ናቸው የሚል። ይሄን ነገርኩትና አብረን ጠጋ አልን፣ ጠባቂዋ እስክታየን ድረስ። ከቅርብ ስትቆም ሥዕሉ ሰንበር መሆኑ ይቀራል፣ ጫፉ አይታይህም፣ ቀዩ ከሸራው ተነስቶ ወደ አንተ ይመጣል፣ ሰማያዊው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የሆነ መንቀጥቀጥ ነገር አለ፣ ዓይንህን ብታሽም አይጠፋም። ፎቶው ላይ ይሄ አንዱም የለም። 1990 ላይ ጋዜጣ ላይ የወጣውን አይቶ የተቆጣው ሰው ያየው የክብሪት ቀፎ የምታክል ሥዕል ነው፣ ብዙውም ጥቁርና ነጭ፣ እና እሱን አይቶ 10 ደቂቃ ቢል አልፈርድበትም። ለዚህ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኩት፣ በ1967 በአካል ያየው ሰው አልጮኸም፣ በውሰት ተሰቅሎ እያለም አልጮኸም፣ የጮኸው ቁጥር የሰማው ሰው ነው።

ሩሎ ይበቃል የሚለውን ነገር በተመለከተ ደግሞ በጣም የሚገርም ማስረጃ አለ፣ እና ይሄን ሳነብ ተነስቼ ቤት ውስጥ እንደዞርኩ አስታውሳለሁ። አምስተርዳም ስቴድሊክ ሙዚየም ውስጥ ሌላ የኒውማን ሥዕል ነበር፣ አብዛኛው ቀይ የሆነ፣ መጠኑ የኛን ሥዕል በጎኑ ብታስተኛው ከሞላ ጎደል ያው ነው። በ1986 አንድ ሰው በምላጭ ተለተለው። ሙዚየሙ እንዲጠገን ኒውዮርክ ላከው፣ ዓመታት ቆይቶ በ1991 ተመለሰ፣ ስንጥቁ አይታይም፣ ግን ሥዕሉን የሚያውቁ ሰዎች ቀዩ ሞቷል አሉ። ጥልቀቱ የለም፣ ደረቅ ግድግዳ ሆኗል አሉ። ነገሩ እስከ ፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ላብራቶሪ ድረስ ሄዶ በምርመራው የተገኘው ምንድነው፣ ቀዩ ላይ እንደገና በአልኪድ ቀለም፣ ማለትም የቤት ቀለም በምንለው ዓይነት፣ በሩሎ ተቀብቶበታል የሚል። ጠጋኙ ባለሙያ አልተቀበለም፣ ከሰሰ፣ በስምምነት ተዘጋ። እኔ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ውስጥ አልገባም። እኔን የያዘኝ ሰዎቹ በዓይናቸው ማወቃቸው ነው፣ ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት። ሁለቱም ቀይ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ልኩ አንድ ነው፣ ግን አንደኛው ሲተነፍስ ሌላኛው አይተነፍስም። ስለዚህ ሩሎና ኒውማን አንድ ናቸው የሚለው ነገር በተግባር ተሞክሮ ያልሰራ ይመስለኛል።

ይሄን ለአጎቴ ስነግረው አልተገረመም። «ያው ነዋ፣ ሁለት ሰው አንድ ቆርቆሮ ከፍቶ ቢቀባ ሁለት ግድግዳ ነው የሚወጣው» አለኝ።

ስለ ስሙም ያወራነውን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ስሙን ብዙ ጸሐፊዎች ከሲና ተራራና ከሙሴ ጋር ያያይዙታል፣ እኔም እንደሱ አንብቤ «ጋሼ የእሳት ድምፅ ማለት እኮ ነው» ስለው አጎቴ ወዲያው ኦሪት ዘዳግምን ጠቀሰልኝ፣ ምዕራፍ 4፣ እግዚአብሔር ከእሳት ውስጥ ተናገራቸው፣ ድምፁን ሰሙ መልክ ግን አላዩም የሚለውን። መልክ አላዩም! እኔ ስንት ዓመት ይሄን ሥዕል ሳይ ይሄ ጥቅስ በአእምሮዬ መጥቶ አያውቅም። መልክ ስለሌለው ነገር መልክ ሳይሰጡ መሳል፣ አጎቴ የአብስትራክት ሥዕል ንድፈ ሐሳብ ምናምን ሳያነብ ቅዳሜ ከሰዓት በጥቅስ ደረሰበት። ኒውማን በትክክል ያን ጥቅስ አስቦ ይሁን ልል አልችልም፣ ግን ሰዎች የማይገባን ሥዕል ነው ሲሉ የማይገባቸው እንዳልሆነ ያን ቀን አምኛለሁ፣ እንግዲህ ባለሙያው የራሱን ቋንቋ ብቻ ስለሚያወራ ሰው የራሱን ቁልፍ ከኪሱ እንዲያወጣ አይጠየቅም።

እኛም ጋ ይሄው ክርክር አለ፣ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር በ1932 ተወለደ፣ አባቱ ቤተ ክህነት የተማሩ፣ ብራና የሚጽፉና የሚስሉ ሰው ነበሩ፣ እሱ ኮሎኝ ጀርመን ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ሲያሳይ የፈረንጅ ነገር ነው ይዞ የመጣው፣ ኢትዮጵያዊነቱ የቱ ጋ ነው የሚል ወቀሳ ደረሰበት። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ሲሸለም ምክንያቱ ራሱ ቅርጽ የማይከተል ሥዕልን ወደ አገሩ በማስገባቱ ነበር፣ ማለትም ያስወቀሰው ነገር ነው ያሸለመው። ከዛ አብዮት መጣ፣ ተሰደደ፣ በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ስለ አገሩ የጻፈውን ግጥም በቃሉ የሚያነበንብ ሰው ስንት ነው፣ ሥዕሎቹን ስድስት ኪሎ ባለው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ሄዶ ያየ ግን ስንት ነው? እኔ ራሴ ግጥሙን ልጅ ሆኜ ነው ያወቅኩት፣ ሥዕሉን ያየሁት ግን ከስደት ለእረፍት ስመለስ ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

እና ደግሞ አብስትራክት ለኛ ባዕድ ነው የሚለው ነገር በፍጹም አይዋጥልኝም። የብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ ማን ነው ምንን ይወክላል ብሎ የሚጠይቀው? እናቶቻችን የቀሚስ ጥበብ ሲመርጡ ይሄ ጥለት የምን ሥዕል ነው ይላሉ እንዴ? ቀለሙ ከቀለሙ ጋር ይሄዳል አይሄድም ነው የሚሉት፣ ዓይናቸውም በጣም የሰላ ነው፣ ሸማኔ አንድ ክር ቢያጓድል ያውቃሉ። ያ ዓይን ሙዚየም በር ላይ ለምን እንደሚቀር ነው ያልገባኝ።

በ2023 መጨረሻ አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ አንድ ሥዕሏ ኒውዮርክ ላይ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ደግሞ የኛ ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያን ሰሞን ስንት ሰው ጋ ቁጥሩን እየሰማሁ ሥዕሉ ላይ ምን አለ ስል መልስ አላገኘሁም። ኦታዋ ላይ ቁጥሩ አናደደ፣ እኛ ጋ ቁጥሩ አኮራ፣ በሁለቱም ሥዕሉ አልታየም። ለዚህ ነው ዋጋው በኋላ ጨምሯል የሚለውን መከራከሪያ እኔ የማልወደው። አዎ ጨምሯል፣ በ2014 ሌላ የኒውማን ሥዕል በጨረታ 84.2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጥቷል፣ በዛ ስሌት ጋለሪው በርካሽ ነው የገዛው። ግን ገበያው ሌላ አቅጣጫ ቢሄድና ዋጋው ቢወድቅ ሆልትማን ትክክል ይሆን ነበር ማለት ነው? ሥዕሉ እኮ ያው ሥዕል ነው። ጋለሪው ራሱም ጩኸቱ ሳይረሳ በ1993 የሌላ አሜሪካዊ ሠዓሊ የማርክ ሮትኮን ሥዕል በተመሳሳይ ዋጋ ገዝቶ ሌላ ጩኸት አስነስቷል፣ እና ያኔም መከራከሪያው ገንዘብ ነበር።

የኔ አቋም ምንድነው ካላችሁ፣ ሥዕሉ ትልቅ ሥዕል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግዢውም ትክክል ነበር፣ ኤክስፖው ላይ በካናዳ ምድር የተሰቀለ ስለሆነ እዚህ ቢቀር ተገቢ ነው። ግን በዛው ዓመት ለካናዳ ሠዓሊዎች ምን ተደረገ የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘም፣ እና ያኔ የተናደደውን ሰው አልተማረም እያሉ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነበር። የቤት ቀለም ቀቢ ስለ ቀለም የሚያውቀው ነገር አለ። ፕላይዉድ ላይ የቀባው ሰውዬም ቢያንስ ቀለሙን በእጁ ነክቷል።

አጎቴ አልተለወጠም፣ አሁንም ያን ያህል ገንዘብ አልከፍልም ነው የሚለው። ስንወጣ ጠባቂዋን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቀዩ ስንት እጅ እንደተቀባ ጠየቃት፣ አላወቀችም፣ ይቅርታ አለችው። ከዛ ወዲህ ስደውልለት፣ ስለ ጤናው ስለ ልጆቹ ካወራን በኋላ፣ አንዳንዴ ልዘጋ ስል «ያ ቀይ ስንት እጅ እንደሆነ አገኘህልኝ?» ይለኛል። እያፈላለግኩለት ነው።